የወላጅ ማበረታታትና የዥዋዥዌ ሕግ

በየዓመቱ ተማሪዎች በየትምህርት ክፍሉ በሚደለደሉበት ወቅት በመምህራን ቢሮ ደጃፍ ሁለት ዓይነት ወጣቶች ይታያሉ። የመጀመሪያው መማር የሚፈልገውን ያውቃል፤ ነገር ግን ቤተሰቡ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆን ስለሚጠብቅ ምርጫውን በቅጹ ላይ ለመሙላት ያመነታል። ሁለተኛው ከቤተሰቡ ጋር የተስማማበትን ዘርፍ መርጦ ነበር፤ ሆኖም በውጤቱ ወይም በቦታ ጥበት ምክንያት ሳይደርሰው ቀርቶ ባልመረጠው ትምህርት ተመድቧል፤ በመሆኑም ሕልሙ ያበቃለት ይመስለዋል። ፊዚክስ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁለቱም በብዛት አጋጥመውኛል። የሚነግሩኝ ጉዳይ የተለያየ ቢመስልም ከሁለቱም ጀርባ የአባት ወይም የእናት ድምፅ አለ።

ወላጅ ልጁን ማበረታታቱ ጠቃሚ መሆኑን የሚክድ የለም። ጥያቄው ምን ዓይነቱ ማበረታታት ልጁን ወደፊት ያራምዳል፣ መቼስ ያግደዋል፣ ሕልሙ ሲለወጥ ደግሞ ከማበረታታቱ ምን ይተርፋል የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን ሁላችንም በልጅነታችን በምናውቀው በዥዋዥዌ ፊዚክስ አማካይነት እንመለከታለን፤ ቀጥሎም ምሳሌው በሰው ሕይወት ምን ያህል እንደሚሠራ ከሳይንስ ሰዎች ታሪክ ጋር እናነጻጽራለን።

ዥዋዥዌ ከፍ የሚለው በምንድን ነው?

ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በገመድ የተንጠለጠለ ዥዋዥዌ የራሱ የሆነ የመወዛወዣ ጊዜ አለው። ውዝዋዜው በጣም እስካልሰፋ ድረስ ይህ ጊዜ የሚወሰነው በገመዱ ርዝመትና በመሬት ስበት ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ዥዋዥዌ ሄዶ ለመመለስ 2.8 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። የተቀመጠበት ልጅ 20 ኪሎ ግራም ቢመዝንም 40 ኪሎ ግራም ቢመዝንም ጊዜው ያው ነው።

አሁን ከኋላ ቆሞ የሚገፋውን ሰው እናስብ። በአንድ ግፊት 40 ኒውተን በሚያህል ጉልበት፣ ማለትም አራት ኪሎ ግራም ዕቃ ለማንሳት በሚበቃ ጉልበት፣ ልጁን 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢገፋው 10 ጁል ኢነርጂ ይሰጠዋል። ይህ ኢነርጂ 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅን ከፍ ሊያደርግ የሚችለው 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። እጅግ ትንሽ ነው። ነገር ግን ግፊቱ አሥር ጊዜ በትክክለኛው ቅጽበት ከተደጋገመ፣ ሰበቃ የሚወስደውን ለጊዜው ብንተወው፣ ልጁ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ትናንሽ ግፊቶች ተጠራቅመው አንድ ትልቅ ውጤት ይሰጣሉ። በፊዚክስ ይህ ክስተት ሬዞናንስ ይባላል።

ሬዞናንስ የሚከሰተው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ የሚገፋው ሰው የሚከተለው የራሱን ሳይሆን የዥዋዥዌውን የጊዜ ልክ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ግፊቱ ዥዋዥዌው በዚያች ቅጽበት ወደሚሄድበት አቅጣጫ መሆን አለበት። ልጁ ወደ ኋላ እየመጣ ሳለ ወደፊት ቢገፉት ግፊቱ ኢነርጂ ይቀንስበታል እንጂ አይጨምርለትም፤ ገፊው በጠነከረ ቁጥርም ዥዋዥዌው ፈጥኖ ይቆማል። ከዚህ ሌላ ሰበቃ የሚባል ነገር አለ። በአየርና በገመዱ ማሠሪያ ምክንያት ዥዋዥዌው በእያንዳንዱ ምልልስ ትንሽ ኢነርጂ ያጣል፤ ስለሆነም ከፍታውን ለመጠበቅ ብቻ እንኳ አልፎ አልፎ መገፋት ያስፈልገዋል።

እንግዲህ በዚህ ምሳሌ ልጁን የሚያንቀሳቅሰው የራሱ ዝንባሌ ዥዋዥዌው፣ የወላጁ ቃልና ሥራ ግፊቱ፣ ድካም፣ ድህነትና ውድቀት ደግሞ ሰበቃው ናቸው። ምሳሌው እውነት ከሆነ ወሳኙ የግፊቱ ብዛት ሳይሆን ከእንቅስቃሴው ጋር መግጠሙ ነው ማለት ነው። ታሪክ ይህን ይደግፋልን?

ሐኪም እንዲሆን የተላከው ልጅ

ስለ ፔንዱለም ያለን ዕውቀት ባለውለታ የሆነው ጋሊሊዮ ጋሊሌይ እ.ኤ.አ. በ1564 በጣሊያን በፒሳ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቪንቼንዞ የሉት ተጫዋችና የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ አዋቂ ነበር። ሙዚቃ ቤተሰብን በሚገባ እንደማያስተዳድር በራሱ ኑሮ ያየው አባት እ.ኤ.አ. በ1581 ልጁን ሕክምና እንዲማር ወደ ፒሳ ዩኒቨርሲቲ ላከው። ጋሊሊዮ ግን በዚያ ሳለ ኦስቲሊዮ ሪቺ የተባለ የሒሳብ መምህር ስለ ዩክሊድ ሲያስተምር አዳመጠና ልቡ ወደ ሒሳብ አዘነበለ። ሪቺ ለልጁ አማላጅ ሆኖ አባትየውን ቢያነጋግርም ቪንቼንዞ የተስማማው በቀላሉ አልነበረም። በመጨረሻም ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1585 ያለ ዲግሪ ዩኒቨርሲቲውን ለቆ ወጣ። በአባቱ ዓላማ መሠረት ሲታይ ይህ ውድቀት ነበር።

ይሁን እንጂ ቪንቼንዞ ለልጁ ያወረሰው ዓላማውን ብቻ አልነበረም። ከጥንት ጀምሮ በፓይታጎረስ ስም ይነገር የነበረ አንድ ትምህርት ነበር። በክር ላይ የሚንጠለጠለው ክብደት እጥፍ ቢደረግ ክሩ ከቀድሞው አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ድምፅ ይሰጣል የሚል ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ሰዎች ይህን እየተቀባበሉ ጻፉት። ቪንቼንዞ ግን ክርና ክብደት አምጥቶ ሞከረው፤ የሚያስፈልገው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ክብደት ሆኖ አገኘው። ይህ ሙከራ በተደረገበት በ1580ዎቹ ጋሊሊዮ ወደ ወላጆቹ ቤት ተመልሶ ስለነበር፣ አንዳንድ የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዎች ልጁ የአባቱን ሙከራ በዓይኑ ሳያይ እንዳልቀረ ይገምታሉ። ጋሊሊዮም በኋላ ስለ ፔንዱለም ሲያጠና ተመሳሳይ ዝምድና አገኘ፤ የመወዛወዣውን ጊዜ እጥፍ ለማድረግ ርዝመቱን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1638 በታተመው የመጨረሻ ታላቅ መጽሐፉ ስለ ፔንዱለምም ስለ ክርም በአንድነት ጽፏል።

ስለዚህ ከአንድ አባት ሁለት ዓይነት ግፊት መጥቷል። «ሐኪም ሁን» የሚለው ከልጁ እንቅስቃሴ ጋር ስላልገጠመ አራት ዓመት ወስዶ አከተመ። «የሰማኸውን ሞክረህ እይ» የሚለው፣ ምናልባትም በቃል ሳይሆን በተግባር የተላለፈው፣ ግን ለዕድሜ ልክ ቆየ። ቪንቼንዞ እ.ኤ.አ. በ1591 ሲሞት ልጁ በፒሳ የሒሳብ መምህር ሆኖ ነበር።

አንድ ቤት፣ ሁለት ልጆች

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ ሃያኛው ክፍለ ዘመን፣ ወደ ኒው ዮርክ ያመጣናል። እ.ኤ.አ. የ1965 የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ የሆነው ሪቻርድ ፋይንማን እ.ኤ.አ. በ1918 የተወለደ ሲሆን፣ አባቱ ሜልቪል የደንብ ልብስ ነጋዴ ነበር። ሳይንቲስት ለመሆን ዕድል ያላገኘው ይህ አባት ገና ልጁ ሳይወለድ፣ ወንድ ከሆነ ሳይንቲስት እንደሚሆን ለባለቤቱ እንደነገራት ፋይንማን ራሱ ተርኳል። እንዲህ ያለው ንግግር ከባድ ጫና ሊሆን ይችል ነበር። ሆኖም ሜልቪል ያደረገው ልጁ ያየውን ነገር አብሮት ማየት ነበር። ልጁ አንድ ቀን በአሻንጉሊት ጋሪው ላይ ያለችው ኳስ ጋሪው ሲጎተት ወደ ኋላ ስትንከባለል አይቶ ምክንያቱን ጠየቀ። አባትየው የቆመ ነገር እንደቆመ፣ የሚንቀሳቀስም እየተንቀሳቀሰ ለመቀጠል ያለው ዝንባሌ ኢነርሺያ እንደሚባል ነገረው፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን ማንም እንደማያውቅ ጨመረለት። ከዚያም ጋሪውን ከጎን ሆኖ እንዲመለከት አደረገው። ልጁም ኳሷ ከመሬቱ አንጻር ወደ ኋላ እንዳልሄደች፣ እንዲያውም ጥቂት ወደፊት እንደተራመደች አየ። የነገርን ስም ማወቅና ነገሩን ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን ፋይንማን የተማረው ከእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ ነው።

በዚያው ቤት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የተወለደችው እኅቱ ጆን ፋይንማንም ሳይንስን ወደደች። ለእናቷ ይህን ስትነግራት ግን የሴት አእምሮ ሳይንስን ሊረዳ አይችልም የሚል መልስ አገኘች። እናቷ ይህን ያለችው ልጅዋን ጠልታ አልነበረም፤ በወጣትነቷ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለች ሴት ነበረች። በዘመኑ የነበረውን እምነት ግን እንደ እውነት ተቀብላ ነበር። አንድ ሌሊት ወንድሟ ከእንቅልፏ ቀስቅሶ በአቅራቢያቸው ወደነበረ የጎልፍ ሜዳ ወሰዳትና በሰማይ ላይ የሚንቦገቦገውን የዋልታ ብርሃን፣ ኦሮራን፣ አሳያት። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላትም የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ሰጣት። በመጽሐፉ ውስጥ ሲሲሊያ ፔይን በተባለች ሴት ሳይንቲስት ስም የቀረበ የምርምር ውጤት ስታገኝ ሴት ልጅ ይህን ሥራ መሥራት እንደምትችል በዓይኗ አየች። ጆን እ.ኤ.አ. በ1958 የዶክትሬት ዲግሪዋን አገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስም ኦሮራ ከፀሐይ ከሚነሳው የፀሐይ ነፋስና ከመሬት ማግኔታዊ መስክ ጋር ያለውን ዝምድና ካብራሩት ተመራማሪዎች አንዷ ለመሆን በቃች።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ወላጅ ያልሰጠውን ግፊት አንዳንድ ጊዜ ወንድም፣ እኅት ወይም መምህር ሊሰጠው እንደሚችል ነው። ነገር ግን እንዲህ ዓይነት ወንድም ያልነበራቸው ስንት ልጃገረዶች በአንድ ዓረፍተ ነገር እንደቆሙ የሚቆጥር መዝገብ የለም። ለዚህም ነው የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስናነብ መጠንቀቅ የሚገባን። የተሳካላቸው ይጻፍላቸዋል፤ ያልተሳካላቸው ይረሳሉ። ስለዚህ እነዚህ ታሪኮች አንድን ሐሳብ ያብራራሉ እንጂ ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም።

በዚህ ረገድ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያደረጉት ሙከራ ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ ባሳተሙት ጥናት፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ጥያቄ ከሠሩ በኋላ ከፊሎቹ በብልህነታቸው፣ ከፊሎቹ ደግሞ በጥረታቸው ተመሰገኑ። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ ቀርቦላቸው ባልተሳካላቸው ጊዜ፣ በብልህነታቸው የተመሰገኑት ፈጥነው ተስፋ የመቁረጥ ዝንባሌ አሳዩ፤ በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን በሥራው ገፉበት። ከዚያ ወዲህ በዚሁ መስክ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች ውጤቱ ሁልጊዜ ያን ያህል ጎልቶ እንደማይታይ አመልክተዋል። ያም ሆኖ ሐሳቡ ከላይ ካየነው ጋር ይስማማል። ለልጁ ማዕረግ የሚሰጥ ምስጋና ማዕረጉ ሲነቃነቅ አብሮ ይወድቃል፤ የአሠራሩን መንገድ የሚያይ ምስጋና ግን ከውድቀት በኋላም የሚያገለግል ነገር ይተዋል።

ሙያውን የማያውቅ ወላጅ ምን ይሰጣል?

ብዙ ተማሪዎች «ወላጆቼ የምማረውን ትምህርት ስለማያውቁት እንዴት ሊያበረታቱኝ ይችላሉ?» ብለው ይጠይቃሉ። ለዚህ ጥያቄ ከአገራችን መልስ አለ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ1950 በምዕራብ ሸዋ በወሎንኮሚ አካባቢ፣ በሣር በተከደነች ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ውስጥ አደጉ። በትምህርት ጽኑ እምነት የነበራቸው እናታቸው ልጃቸው በአጎራባች ከተማ የሚማርበትን መንገድ አመቻቹ። ገቢሳም ዘወትር እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጉዘው ሳምንቱን ሲማሩ ይሰነብቱና ዓርብ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ከዚያም በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትና በዓለማያ ኮሌጅ ተማሩ። እናትየው የዕፅዋት ማዳቀል ሳይንስን ለልጃቸው አላስተማሩም፤ ልጁ በየሳምንቱ እንዲሄድ መንገዱን ከፈቱ። በገጠር ቤት የአንድ ልጅ ጉልበት ምን ያህል እንደሚፈለግ ለሚያውቅ ሰው ይህ ውሳኔ ዋጋው ከባድ እንደሆነ ግልጽ ነው።

በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያም ተመሳሳይ ታሪክ እናገኛለን። እንደ ፋይንማን እ.ኤ.አ. በ1918 የተወለደችው የሒሳብ ሊቅ ካትሪን ጆንሰን ባደገችበት አውራጃ ጥቁር ልጆች ከስምንተኛ ክፍል በላይ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አልነበረም። አባቷ ጆሹዋ ኮልማን ልጆቹ እንዲማሩ ብሎ ቤተሰቡን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኝ ኢንስቲትዩት ወደተባለች ከተማ አዛወረ፤ እሱ ግን ሥራው ካለበት ከተማ አልተንቀሳቀሰም። ቤተሰቡ የትምህርት ዘመኑን በአንድ ቦታ፣ ክረምቱን በሌላ ቦታ እያሳለፈ ለዓመታት ኖረ። ካትሪን በ18 ዓመቷ በሒሳብና በፈረንሳይኛ ተመርቃ ኮሌጅ ጨረሰች።

የገመዱ ርዝመት ሲለወጥ

ወደ ዥዋዥዌው እንመለስ። ተቀምጦ ይወዛወዝ የነበረ ልጅ ብድግ ብሎ ቢቆም የክብደቱ ማዕከል ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ በመሆኑም የዥዋዥዌው ውጤታማ ርዝመት ያጥራል። ርዝመቱ ከ2 ሜትር ወደ 1.6 ሜትር ዝቅ ቢል የምልልሱ ጊዜ ከ2.8 ወደ 2.5 ሴኮንድ ይወርዳል። ልዩነቱ 0.3 ሴኮንድ ብቻ ነው። ነገር ግን ገፊው ለውጡን ሳያስተውል በቀድሞው ልክ መግፋቱን ቢቀጥል በእያንዳንዱ ዙር 0.3 ሴኮንድ ይዘገያል፤ ከአራት ምልልስ በኋላ መዘግየቱ የግማሽ ዙር ያህል ይሆንና ልጁ ወደ እሱ እየተመለሰ ሳለ ይገፋዋል። ትናንት ያግዝ የነበረው እጅ ዛሬ ያግዳል። እጁም ፍቅሩም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ዥዋዥዌው ነው።

በሰው ሕይወትም እንዲሁ ነው። በአሥር ዓመት ዕድሜ የተነገረ ምኞት በሃያ ዓመት ላይ ሌላ መልክ ይይዛል። አንዳንዱን የምንለውጠው ራሳችን ስንሆን አንዳንዱን ሁኔታዎች ይለውጡብናል። ካትሪን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1939 የድኅረ ምረቃ ትምህርት ጀምራ በቤተሰብ ምክንያት አቋረጠች፤ ለዓመታትም በመምህርነት ሠራች። እ.ኤ.አ. በ1953 ብቻ ነበር የናሳ ቀዳሚ በሆነው ድርጅት በሒሳብ ቀማሪነት የተቀጠረችው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጠፈርተኛው ጆን ግሌን መሬትን ከመዞሩ በፊት በኮምፒዩተር የተሠራውን ስሌት በእጇ እንድታረጋግጥለት ጠየቀ። ፕሮፌሰር ገቢሳም እ.ኤ.አ. በ1974 ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ከሄዱ በኋላ በአገራችን በነበረው የፖለቲካ ሁኔታ ምክንያት ለ25 ዓመታት ያህል ወደ ኢትዮጵያ ሊመለሱ አልቻሉም። ዶክትሬታቸውን ጨርሰው ወደ ሱዳን አመሩ፤ በዚያም ድርቅን የሚቋቋም የማሽላ ዲቃላ አዳቀሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበሬ ቀረበ። ቀጥሎም አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን አወጡ። የአቀንጭራ ዘር የሚበቅለው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ነው፤ ይህን ኬሚካል በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጭ ማሽላ ሲገኝ ጥገኛው አረም ሳይነቃ ይቀራል። እኚህ ዝርያዎች ወደ ኢትዮጵያ ገበሬም ደረሱ። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያ ተቀብለዋል።

በሁለቱም ሕይወት መንገዱ ተጣሟል። ወላጆቻቸው ግን የሰጧቸው አንድ የተወሰነ መድረሻ አልነበረምና መንገዱ ሲጣመም ስጦታው አልጠፋም። በሌላ አነጋገር፣ ሕልምን ከሁኔታ ጋር ማስተካከል የሚችል ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የተቀበለው መድረሻ ሳይሆን የመጓዝ ብቃት ነው።

ተማሪው ምን ያድርግ?

የዥዋዥዌው ምሳሌ አንድ ጉድለት አለው። ዥዋዥዌ ለሚገፋው ሰው ስለ ራሱ ምንም ሊናገር አይችልም፤ ገፊው በዓይኑ አይቶ መገመት አለበት። ተማሪ ግን መናገር ይችላል። በእኛ አገር ልማድ ልጅ ለወላጁ የሚያሳየው የፈተና ውጤቱን ነው፤ በክፍል ውስጥ ምን እንዳስደነቀው፣ የትኛው ጥያቄ እንቅልፍ እንደነሳው እምብዛም አይነግረውም። እንግዲህ ወላጅ የልጁን እንቅስቃሴ ሳያይ በትክክለኛው ቅጽበት ሊገፋ እንዴት ይችላል? «ሐኪም ሁን» የሚለው አባት አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው የሚያውቀውን አስተማማኝ ሥራ ነው፤ ስጋቱም ከኑሮ የመጣ ስለሆነ ሊናቅ አይገባውም። ምርጫውን ሊያስረዳ የሚፈልግ ተማሪ ተመራቂዎች የት እንደሚሠሩ፣ ምን ያህል ዓመት እንደሚፈጅ፣ ካልተሳካ ምን አማራጭ እንዳለ አጣርቶ ቢቀርብ ንግግሩ ከስሜት ወደ ማስረጃ ይሸጋገራል።

ባልመረጠው ትምህርት የተመደበው ተማሪም ራሱን አንድ ነገር ሊጠይቅ ይገባል። ከመጀመሪያው ሕልሙ ውስጥ የወደደው ስሙን ነበር ወይስ ሥራውን? ሕክምናን የፈለገው ሰው ለማዳን ከሆነ የጨረራ ሕክምናም ሆነ የሕክምና ምስል መሣሪያዎች በፊዚክስ ባለሙያ ላይ ይመካሉ። መልሱን ካገኘ በኋላ መቀጠልም ሆነ ዘርፍ ለመቀየር መሞከር ሁለቱም የተከበሩ ውሳኔዎች ናቸው።

ለጅምሩ አንድ ቀላል ሥራ ልጠቁም። በሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ አንድ ሜትር ክር ፈልጉና ጫፉ ላይ ጠጠር እሰሩ። አባታችሁ ወይም እናታችሁ ሰዓት ይዘው አሥር ምልልስ ይቁጠሩ፤ 20 ሴኮንድ ያህል ይሆናል። ቀጥሎ ክሩን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር አሳጥሩትና ከመቁጠራችሁ በፊት ስንት ሴኮንድ እንደሚሆን ጠይቋቸው። ብዙ ሰው 5 ይላል፤ የሚገኘው ግን 10 ያህል ነው። ለምን እንደዚያ እንደሆነ አብራችሁ ስትነጋገሩ ወላጆቻችሁ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትማሩትን ነገር በዓይናቸው ያያሉ። ስለ ወደፊቱ ሥራችሁ የምታደርጉት ውይይት ከዚያ በኋላ ቢቀጥል የተሻለ መነሻ ይኖረዋል።